ማን ከማን አጠገብ አይቀመጥም

«ባዶ ነው እኮ! የእማዬ የካርታ ጨዋታ ብቻ ነው ያለበት። ዛሬ ከሥሩ አስጠርጌ ማታ ይዤው እመጣለሁ» አለ ዌንታይ፣ ታይፔ ካለችው ሚስቱ ጋር በስልክ ሲያወራ። እኔ ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኬ ከሲፒዩው ጀርባ አቧራ እጠርጋለሁ፤ እናቱ እትዬ ሱቺን ከእኔ ሁለት እርምጃ ርቀው፣ ቀይ የፕላስቲክ ዱካ ላይ ተቀምጠው ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ። ዌንታይ የሚያወራው ጓዳ ሆኖ ነው፤ ግን የዚያ ቤት ግድግዳ ስስ ነው፣ የእሱ ድምፅ ደግሞ ስብሰባ የለመደ ድምፅ ነው። ሁለታችንም ሰማን። እኔ ቀና ብዬ አየኋቸው፤ እሳቸው ሽንኩርቱን አዩ። ከዚያ አንዷን ፍሬ በጥፍራቸው ልጠው ጎድጓዳው ሳህን ውስጥ ወረወሯት። ሳህኑ ጮኸ።

ላን እባላለሁ። ታይዋን፣ ታይናን ከተማ ውስጥ በሞተሬ ቤት ለቤት እየዞርኩ ኮምፒውተር ስጠግን ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ቤት ድረስ መጥቼ ዲስኩን አጥፍቼ አዲስ ሲስተም ስጭን የማስከፍለው ስምንት መቶ ዩዋን ነው። ገበያ አዳራሹ ያሉት ጎረምሶች በአምስት መቶ ይሠሩታል፤ እነሱ ግን አይጠይቁም። እኔ እጠይቃለሁ፣ ያውም ሦስት ጊዜ። ሦስት ጊዜ ከጠየቅሁ በኋላም የመጨረሻዋን ቁልፍ የምጫነው እኔ አይደለሁም፤ የማሽኑ ባለቤት በገዛ ጣቱ ይጫናት። ይህን ሕግ ያወጣሁት አንድ ባል «ምንም የለበትም» ብሎኝ የሚስቱን የሠርግ ፎቶ ሙልጭ አድርጌ ካጠፋሁ በኋላ ነው። ሚስቲቱ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ስታየኝ ትሻገራለች።

የእነ እትዬ ሱቺን ቤት ከሰፈሩ መቅደስ ጀርባ ነው። የፊት ክፍሉ ሳሎንም፣ መጋዘንም፣ የሞተር ማቆሚያም ሆኖ ያገለግላል። ኮምፒውተሩ የተቀመጠው በሩዝ ማብሰያውና በአያቶች መሠዊያ መሐል ነው፤ ስክሪኑ ላይ የዘይት ፍንጣሪ አለ፣ ኪቦርዱ ላይ ደግሞ ዱቄት። ዌንታይ ይህን ማሽን የገዛላቸው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። አሁን ልጁ ለትምህርት ቤት ስለፈለገችው ሊወስደው ነው፣ ለእናቱም በምትኩ ፊደሉ ትልቅ ትልቅ የሆነ ስልክ አምጥቶላቸዋል። ስልኩ ከነካርቶኑ መሠዊያው ላይ ከብርቱካኑ አጠገብ ተቀምጧል፤ ማንም አልከፈተውም። ዌንታይ ወደ ታይፔ የሚመለሰው በአሥር ሰዓት ነው፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ አውራ ጎዳናው ይዘጋጋል። ስለዚህ ሥራው ከምሳ በፊት ማለቅ አለበት፤ ምሳው ደግሞ የዋዛ ምሳ አይደለም፣ የሰፈሩ አምላክ ልደት ድግስ ነው። መንገዱ ላይ ሠላሳ ስድስት ጠረጴዛ ይዘረጋል። በዚህ ዓመት መቅደሱ ፊት ዕጣ ሲጣል የድግሱ አለቃ ሆኖ የወጣው ራሱ ዌንታይ ነው።

ዲስኩን ልጀምር ስል ሲፒዩው አናት ላይ ያየሁት ነገር እጄን አሰበሰበኝ። የተቀመጠው የበቆሎ ቺፕስ ከረጢት ቢጫ ነው። መቼም እዚህ አገር ባንክ ይሁን ሆስፒታል፣ ባቡር ጣቢያም ይሁን የእኔ ቤት፣ ማሽን አናት ላይ የሚቀመጠው አረንጓዴው ነው፤ ማሽኑ ጨዋ ሆኖ እንዲሠራ። ቢጫው ማሽን ያቆማል፣ ቀዩ ያቃጥላል፣ ቀኑ ያለፈበት ያሳብዳል። አንዴ ከተቀመጠ ደግሞ አይበላም። አምናለሁ ወይ? አላምንም። ያለ እሱ እጀምራለሁ ወይ? አልጀምርም።

«እትዬ ሱቺን፣ አረንጓዴውን ማን አነሳው?» አልኩ።

እትዬ ሱቺን ዞር ብለው በሩ ላይ ጋዜጣ የሚያነቡትን ባላቸውን ጋሼ ቲንፋን አዩ። ጋሼ ቲንፋ ሰባ አምስት ዓመት የሞላቸው ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ በቀን ከአሥር ቃል በላይ ከተናገሩ አሟቸዋል ማለት ነው። ጋዜጣውን ትንሽ ከፍ አደረጉት።

«በሦስት ወር አራተኛው ነው» አሉ እትዬ ሱቺን። «አረንጓዴውን ይበላና ቢጫ ይተካበታል። የማላይ መስሎት! ታዲያ ማሽኑ ለምን አይንቀራፈፍ?»

ዌንታይ ከጓዳ ሲወጣ ጉዳዩን ነገርኩት። ይስቅብኛል ብዬ ነበር፤ የተማረ ሰው ነው፣ ሃያ ሰው የሚያዝ መሐንዲስ ነው። እሱ ግን ቢጫውን ከረጢት ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «በዚህማ አይጀመርም» አለና ወዲያው ጫማውን አጠለቀ። መሐንዲስ ከሆነ በኋላ ይብሳል መሰለኝ። ድግስ ቀን ስለሆነ ሱቁ ሁሉ ተራቁቷል፤ አንድ አረንጓዴ ከረጢት ሲፈልግ አርባ ደቂቃ ፈጀበት።

በእነዚያ አርባ ደቂቃዎች ውስጥ ነው እትዬ ሱቺን እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ማሽኑ ፊት የተቀመጡት። መነጽራቸውን አደረጉ። ማውዙን የያዙት ደንጋጭ ወፍ እንደያዘ ሰው ነው። ከካርታ ጨዋታው ምልክት ሥር አንዲት ፋይል ነበረች፤ ስሟ «ማን ከማን አጠገብ አይቀመጥም» ይላል። ከፈቷት።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚያ ሰፈር ድግስ ሰውን በየጠረጴዛው የሚያስቀምጡት እሳቸው ናቸው። አለቃው ማንም ይሁን ማን፣ ከድግሱ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ብርቱካን ይዞ ይመጣል፣ ይጠይቃል፣ እሳቸው ይነግሩታል። መጀመሪያ በደብተር ነበር፤ ማሽኑ ሲገዛ የቀበሌው አዳራሽ ገብተው በኮምፒውተር መጻፍ ተማሩና ደብተሩን ሁሉ ወደዚህ ገለበጡት። ሦስት መቶ ስድሳ ሰው በስሙ አለ። ጥቂቱን አነበብኩ፣ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። «የጥርስ ሐኪሙ፦ ሲበላ የሰው አፍ ያያል። ከዓይን አፋሮች ይራቅ።» «ዳቦ ጋጋሪው፦ አጠገቡ ሰው ሲስቅ በእሱ የተሳቀ ይመስለዋል። ከቀልደኞች ይራቅ፣ ግን አይራብ።» «ፀጉር ሠሪዋ ሜይዩና ፊት ለፊቷ ፀጉር ቤት የከፈተችው የአጎቷ ልጅ፦ ቢያንስ ስምንት ጠረጴዛ። ነፋስ ካለ አሥር።» በቀይ የተጻፈ ደግሞ አለ፦ «የጻይ ወንድማማቾች፣ ጂንሻንና ጓንግሊ፦ ሰባት ጠረጴዛ፣ ጀርባ ለጀርባ። አይተያዩ።» ጂንሻን ታላቅየው ነው፣ ሚስማርና ቀለም ይሸጣል፤ ጓንግሊ ታናሽየው ዓሣ ነጋዴ ነው። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት በአባታቸው ግቢ መሐል ግንብ ቆመ፤ ከዚያ ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም።

«ዘንድሮ ዌንታይ ምን አለ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ዘንድሮማ ስልኩ ደረደረለት። በቤተሰብ ስም። ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም፣ ዛሬ ጠዋት ነገረኝ።» ማውዙን ለቀቁት። «እኔን አልጠየቀኝም፣ ላን። ‹ይህን ሁሉ ዓመት ማን ነው የሚያስቀምጠው?› ብሎ እንኳ አላለም።»

ኪሴ ውስጥ ሁልጊዜ ፍላሽ አለ። አወጣሁና አሳየኋቸው። «ይህችን ልቅዳልዎት? አንድ ደቂቃ አይፈጅም።»

ፍላሿን አዩዋት። የፈለጓት መሰለኝ፤ እጃቸው ከጉልበታቸው ላይ ትንሽ ተነሳ። ከዚያ መልሰው አስቀመጡት። «ተዪው። ባዶ ነው ብሏል አይደል? እንግዲያው ባዶ ይሁን።»

«በቃልዎ ያውቁታል?»

«ግማሹን። ሰባ አንድ ዓመቴ እኮ ነው። ከጠየቀኝ የማስታውሰውን እነግረዋለሁ።» ድምፃቸው ቀጭን ሆነ። «ካልጠየቀኝ ደግሞ፣ በቃ፣ ጡረታ ወጣሁ ማለት ነው።»

ያኔ ልቤ ተነካ፣ ተናደድኩም። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መቅዳት ደግሞ ስርቆት ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት አላደረግሁትም። ፍላሿን ወደ ኪሴ መለስኳት።

ዌንታይ አረንጓዴውን ከረጢት በሁለት እጁ ይዞ ገባ፤ ሃያ አምስት ዩዋን። የማብቂያ ቀኑን አየሁ፣ ለከርሞ ነው። ፊቱን ወደ ውጭ አድርጌ ሲፒዩው አናት ላይ አስቀመጥኩት፤ ጋሼ ቲንፋ ከጋዜጣው በላይ አዩት። ሁሉን አዘጋጀሁና ወደ ጥያቄዬ ገባሁ።

«የሚቀዳ ነገር አለ?»

«የለም» አለ ዌንታይ።

«ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ ዝርዝር፣ ምንም?»

«እህት ላን፣ የለም አልኩሽ እኮ። ካርታ ብቻ ነው።»

«ሦስተኛውን የምጠይቀው ባለቤቱን ነው። ይህ ማሽን የማን ነው?»

«የእኔ ነዋ! ደረሰኙም አለኝ።»

«ደረሰኙን አልጠየቅሁህም። ጠዋት ጠዋት የሚያበራው ማነው?»

 ጋሼ ቲንፋ ጋዜጣቸውን አጠፉ። እትዬ ሱቺን ከዱካቸው ተነሥተው መጡና በመሐላችን ቆሙ። «የትኛዋ ቁልፍ ናት?» አሉኝ። አሳየኋቸው። ጣታቸው ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸት ነበር። ልጃቸውን ለአንድ አፍታ አዩት፤ እሱ ሰዓቱን ያይ ነበር። ጠቅ አደረጓት። ከዚያ በኋላ መመለስ የለም፤ ከሥሩ የሚጠፋ ዲስክ ላይ ላዩን ከሚጠፋ ይለያል፣ እያንዳንዷ ቦታ በባዶ ትሞላለች። ነጯ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ መሳብ ጀመረች።

መስመሯ ለመሙላት ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ፈጀች። በዚያን ጊዜ ሁሉ በዚያ ክፍል ውስጥ የተነገረው ቃል ቢቆጠር ሃያ አይሞላም። ዌንታይ በስልኩ ይጽፋል፤ እናቱ ሽንኩርቱን ጨርሰው ዝንጅብል ጀመሩ። ውጭ ድንኳን ይተከላል፣ ብረት ከብረት ይጋጫል፣ ወጥ ሠሪዎቹ ይሰዳደባሉ። አንዴ ብቻ ዌንታይ ቀና ብሎ «ስልኩን አልወደድሽውም እንዴ?» አለ። «ቆንጆ ነው» አሉ እናቱ።  እኔ በሥራዬ ዝምታ ለምጃለሁ፤ የዚያን ቀኑ ግን ነጭ ሽንኩርት ሳልልጥ ዓይኔን አቃጠለኝ። ማሽኑ ሲነሣ አዲሱ ሲስተም አንድም ሰው የሌለበት የአረንጓዴ መስክ ምስል ይዞ ወጣ። ስምንት መቶዬን ተቀበልኩ። ልሄድ ስል እትዬ ሱቺን ክንዴን ያዙኝና «ዛሬ የትም አትሄጂም፣ ምሳ ከእኛ ጋር ነሽ» አሉኝ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን መንገዱ ከዳር እስከ ዳር በሸራ ተሸፍኗል። መድረኩ ላይ አንዲት የምታብለጨልጭ ዘፋኝ ማይኩን ትፈትሻለች፤ ርችቱ እየተተኮሰ ጭሱ ቀዝቃዛው ሥጋ ላይ ይወርዳል። በየጠረጴዛው ላይ ዌንታይ አትሞ ያመጣቸው ቀያይ የስም ካርዶች ቆመዋል፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ያምራሉ። ሰው ስሙን እየፈለገ መቀመጥ ሲጀምር ግን ጫጫታ ተነሣ። እዚህ ሴት ስታገባ የአባቷን ቤተሰብ ስም አትለውጥም። ስልኩ ደግሞ የደረደረው በቤተሰብ ስም ነው፤ ስለዚህ ባልና ሚስት አንድ ላይ የተቀመጡበት ጠረጴዛ አንድም የለም። ጠረጴዛ አራት ላይ ያሉ ሚስቶች ጠረጴዛ ሃያ ላይ ላሉ ባሎች ይጮኻሉ፦ «መድኃኒትህን ዋጥክ ወይ?» «ቁልፉ ማን ጋ ነው?» ግማሹ ሰው ተናደደ፣ ግማሹ ደግሞ፣ በተለይ ባሎቹ፣ ከተጋቡ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏቸው ቢራ የከፈቱበት ቀን ያለ አይመስለኝም።

እትዬ ሱቺን ስማቸውን ለማግኘት ከአንድ እስከ ሠላሳ አምስት ሄዱ። አላገኙትም። በሰፈሩ ውስጥ በእሳቸው የቤተሰብ ስም የሚጠራ ሌላ ሰው የለም፤ ስልኩም እንዲህ ያሉትን ብቸኞች አንድ ላይ ሰብስቦ መጨረሻው ጠረጴዛ ላይ አጉሯቸዋል። ካርዱ ላይ «ልዩ ልዩ» ይላል። እዚያ የተቀመጥነው የድምፅ ማጉያው መኪና ሾፌር፣ ከሌላ ከተማ የመጡ ሦስት ከበሮ መቺዎች፣ እኔ፣ እና የድግሱ አለቃ እናት ነን። ዌንታይ ከሩቅ፣ ከፊተኛው ጠረጴዛ፣ እናቱ የት እንደተቀመጡ ሲያይ አየሁት። የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠው። እሳቸው ካርዱን አንሥተው በቅርበት አነበቡትና «ልዩ ልዩ» አሉ፤ «ይህስ ማዕረግ ነው።» ከበሮ መቺዎቹ ሳቁ፤ እኔ ግን ዓይናቸውን አይቼ መሳቅ አልቻልኩም።

ከእኛ ቀጥሎ ያለው ጠረጴዛ የጻዮች ነው። ታናሽየው ጓንግሊ ቀድሞ ደርሶ ተቀምጧል፤ የዓሣ መሸጫ ጎማ ጫማውን እንኳ አላወለቀም። ታላቅየው ጂንሻን በከዘራው እየተመረኮዘ መጣ፣ ካርዱን አነበበ፣ ከካርዱ ባሻገር ወንድሙን አየ። ካርዱ የተቀመጠው ፊት ለፊት ነው። መጀመሪያ ያ ጠረጴዛ ዝም አለ፣ ከዚያ የእኛው፣ ከዚያ ዝምታው ወደ ፊት እየሄደ መድረኩ ድረስ ደረሰና ዘፋኟ እንኳ ዘፈኗን አቆመች። ጂንሻን አይቀመጥም። ጓንግሊ አይነሣም። ሁሉም ሰው ካልተቀመጠ ለአምላኩ ብርጭቆ አይነሣም፤ ብርጭቆ ካልተነሣ ምግብ አይጀመርም። ሦስት መቶ ስድሳ ሰው ቾፕስቲኩን ይዞ አንድ ሽማግሌ ይጠብቃል።

ዌንታይ በጠረጴዛዎቹ መሐል እየተሽሎከለከ ሮጦ መጣ። ላብ አጥምቆታል። እናቱ አጠገብ ቁጢጥ አለ። «እማዬ፣ ምንድነው ያጠፋሁት? ምን ላድርግ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ» አሉ እትዬ ሱቺን፣ ከፊታቸው ያለውን ኦቾሎኒ እያስተካከሉ። «እኔ የካርታ ተጫዋች ነኝ።»

ዌንታይ ቀላ፤ ከአንገቱ ጀምሮ እስከ ጆሮው። የጓዳው ግድግዳ ስስ መሆኑ ያኔ ትዝ ያለው ይመስለኛል።  እትዬ ሱቺን እጁን መታ መታ አደረጉና ቀና ብለው ጂንሻንን ተጣሩ። «ጋሼ ጂንሻን! አምላኩ ራብ ገባው። ቂጥዎን ያሳርፉ፣ ዓይንዎን ደግሞ የፈለጉበት ይጣሉት።»

ጂንሻን ተቀመጠ። ዓይኑን መድረኩ ላይ ጣለ። ብርጭቆ ተነሣ፣ ምግቡ ተጀመረ፤ መጀመሪያ ቀዝቃዛው ሥጋ፣ ከዚያ ሸርጣን በሩዝ፣ ከዚያ ጓንግሊ ራሱ ለድግሱ ያቀረበው ትልቁ ዓሣ። ሾርባው እየጨሰ በጻዮች ጠረጴዛ መሐል፣ ምግቡ ለሁሉም እንዲዳረስ በእጅ የሚሽከረከረው ክብ መስታወት ላይ አረፈ። የዓሣው ጭንቅላት ወደ ጂንሻን ነው፣ ሆዱ ወደ ጓንግሊ። የዚህ ዓሣ ጣዕሙ ሆዱ ላይ ነው፤ ሌላው አካሉ እሾህ ብቻ ነው። ጂንሻን ደግሞ ዓይኑ ከደከመ ቆይቷል፤ እሾህ ያለበትን አይደፍርም። ያ ጠረጴዛ ሁሉ ጓንግሊ ቾፕስቲኩን እስኪሰድ ይጠብቃል። ጓንግሊ ወንድሙን አላየውም። በአንድ ጣቱ መስታወቱን መግፋት ጀመረ፤ ቀስ አድርጎ፣ ሾርባው እንዳይፈስ። ዓሣው ዞረ። ሆዱ ጂንሻን ፊት ሲደርስ ጣቱን አነሣ፣ መስታወቱም ቆመ።

ጂንሻን ዓሣውን አየ። ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ ቾፕስቲኩን ሰደደ፣ ከሆዱ ቆረሰ፣ በላ። አኘከ፣ አኘከ። ሲጨርስ እሱም በተራው ጣቱን መስታወቱ ላይ አሳረፈና ወደዚያ መለሰው፤ አሁን ጓንግሊ ፊት የቆመው የሩዝ አረቄው ጠርሙስ ነው። ጓንግሊ ሁለት ብርጭቆ ቀዳ። አንዱን መስታወቱ ላይ አስቀምጦ ላከው። ምንም አልተባባሉም፤ እስከ ድግሱ ማብቂያ ግን ያ መስታወት ሲዞር ዋለ፣ ዳክዬው ሲሄድ ዝንጅብሉ ሲመጣ፣ የቀሩት ስምንት ጻዮች ምንም ሳያነሡ ሲያዩ።

እትዬ ሱቺን የያዙት ኦቾሎኒ ከእጃቸው ወድቋል። «ላን» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «አሥራ አራት ዓመት እኮ ሰባት ጠረጴዛ አራርቄ ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ። ጀርባ ለጀርባ። እንዳይተያዩ ብዬ። ሲተያዩማ ይኸው!» ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ያዘኑም የሳቁም ይመስላሉ። «ያ ፋይል ባይጠፋ ኖሮ ዛሬም አራርቃቸው ነበር።»

«እንግዲህ ጠፋ» አልኩ።

«ጠፋ» አሉ። ይህን ብለው ሳይጨርሱ ከጠረጴዛ አሥራ ሁለት ጩኸት ተሰማ። ፀጉር ሠሪዋ ሜይዩ ቆማ በአጎቷ ልጅ አዲስ የተሠራ ፀጉር ላይ አንድ ሙሉ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ እያፈሰሰች ነበር፤ ምክንያቱም ያቺ «ለመሆኑ ይህን ቀለም ማን ቀባሽ?» ብላታለች። ሰው ሁሉ ተነሣ። እትዬ ሱቺን አልተነሡም፤ የዓሣውን ሾርባ እየጠጡ «ይህኛው እንኳ እንደ ነበረ ይቀጥላል» አሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተረፈውን ምግብ በፌስታል በፌስታል ቋጥረን ወደ ቤት ገባን። ጋሼ ቲንፋ ከእኛ ቀድመው ደርሰዋል፤ በሩ ላይ ጋዜጣቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ዌንታይ የመኪናውን ቁልፍ አወጣ፣ አስቀመጠው፣ እንደገና አነሣው። እናቱ የልጅ ልጃቸውን ፌስታል ለብቻ ቋጠሩለት፤ ዳክዬ ትወዳለች። «መንገዱ ሳይዘጋጋ ውጣ» አሉት።  እሱም «አዎ፣ ልውጣ» አለና ሲፒዩውን ሊያነሣ ሄደ። እኔ ዕቃዬን እየሰበሰብኩ ነበር፤ የስክሪኑን ገመድ የነቀልኩት በጣም በዝግታ ነው።

ዌንታይ እጁን ዘርግቶ ቆመ። ሲፒዩው አናት ላይ ያለው አረንጓዴ ከረጢት ተከፍቷል። ግማሹ የለም። የቀረው ግማሽ ሲፒዩው ላይ ተበትኗል፤ የበቆሎው ብናኝ ከማሽኑ ተነሥቶ ወለሉን አቋርጦ በሩ ድረስ፣ ጋዜጣው ሥር ድረስ ይሄዳል። ጋሼ ቲንፋ ጋዜጣውን ዝቅ አደረጉ። ከንፈራቸው ላይ ፍርፋሪ አለ፤ ሊጠርጉት አልሞከሩም። በዚያ ሁሉ ድግስ ላይ አሥራ ሁለት ዓይነት ምግብ የበላ ሰው ርቦት ቺፕስ አይበላም። ልጃቸውን ዓይን ለዓይን አዩት፤ ከዚያ አንድ ፍሬ ከኪሳቸው አውጥተው፣ እያየ፣ ቀረጠፉ።

ዌንታይ ከረጢቱን አየ፣ አባቱን አየ፣ እናቱን አየ። ብዙ ሊናገር የፈለገ ሰው ፊት ነበረው። በመጨረሻ የተናገረው ይህን ብቻ ነው፦ «የተበላ ከረጢት የነበረበትን ማሽን መኪናዬ ላይ አልጭንም። መንገድ ላይ ምን እንደሚሆን አይታወቅም።»

«አይታወቅም» አልኩ እኔ ፈጥኜ። «እኔ በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ማሽን ከቤት ሲወጣ አላየሁም።»

«እዚሁ ይቀመጥ በቃ። ለልጅቷ ሌላ እገዛላታለሁ።»

«እንደፈለግህ» አሉ እትዬ ሱቺን። የነቀልኩትን ገመድ መልሼ ሰካሁት፤ ለዚህ አላስከፈልኩም። ሽርጣቸውን አወለቁ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ማሽኑን አበሩት። ሰው የሌለበት መስክ ወጣ። ባዶ ፋይል ከፍተው እንደ ወትሯቸው በአንድ ጣት መጻፍ ጀመሩ፤ እኔ ከትከሻቸው በላይ አነበብኩ። «ጂንሻንና ጓንግሊ፦ አንድ ጠረጴዛ። መስታወቱ የሚሽከረከር ይሁን።» «ሜይዩና የአጎቷ ልጅ፦ አሥር ጠረጴዛ፣ ነፋስ ኖረም አልኖረም።» «ቲንፋ፦ ከማሽኑ ሦስት ጠረጴዛ ይራቅ።» በር ላይ ጋዜጣው ተንኮሻኮሸ። ከዚያ ጣታቸው ኪቦርዱ ላይ ቆየች። ዌንታይ ቁልፉን በእጁ እንደያዘ፣ ዳክዬው በክንዱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ከኋላቸው መጥቶ ቆሟል። እንደቆመ አውቀዋል፤ አልዞሩም። አንድ በአንድ፣ ፊደል እየፈለጉ ጻፉ፦ «ልጄ ዌንታይ፦ ከእናቱ አጠገብ።»

አነበበው። ሁለት ጊዜ ያነበበው መሰለኝ። ፌስታሉን መሠዊያው ላይ ከስልኩ ካርቶን አጠገብ አስቀመጠው። ከማዕዘኑ ቀይ ዱካ ስቦ እናቱ አጠገብ፣ ጉልበቱ ጉልበታቸውን እስኪነካ ተጠግቶ ተቀመጠ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቀጥሎ ማን አለ፣ እማዬ?» አለ።

«ኧረ ብዙ ነው» አሉ፤ «የመኪናውን ቁልፍ አስቀምጠው።»